በምርቃት የተጋለጠችው እህት፦ የአንድ የጅማ ኢሜይል ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው ከሚያፈስ ጣራ ነው።

ጅማ ውስጥ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጽፍም። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ሊገምት ይችላል፤ ከገመተም ለራሱ ይያዘው። የቤተ መጻሕፍቱ ቆርቆሮ አርጅቶ ክረምት በመጣ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያፈሳል። የጅማ ዝናብ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎች ተጠራርተው ጣራውን ለማስቀየር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከፊሉ እዚያው ጅማ ያለ ነው፤ የቡና ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ የጤና ባለሙያ። ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ዱባይ፣ ሚኒሶታ፣ ለንደን ተበትኗል።

ለምን በኢሜይል ሆነ? የቴሌግራም ግሩፕ ነበራቸው። ግሩፑ ግን እንደምታውቁት ነው። ጠዋት በአበባ ያጌጠ «መልካም ቀን» ይመጣል፣ ቀን ላይ የአርሴናልና የማንቼ ክርክር ይነሳል፣ ማታ ፖለቲካ ይገባና ሁለት ሰው ተኳርፎ ይወጣል። የባንክ ስሊፕ ላክሁ ያለ ሰው መልእክቱ ከዚያ ሁሉ ሥር ይቀበራል። አስተባባሪው «የገንዘቡ ጉዳይ በኢሜይል ይሁን፣ ኢሜይል ፋይል አለው» አሉ። ትክክል ናቸው።

አስተባባሪውን «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከሳንቲም ጋር ቀልድ የማያውቁ፣ ሰው የሰጣቸውን አንድ ብር ሳይመዘግቡ የማያድሩ ሰው። ይህን አስቀድሜ የምለው ወደ ኋላ የሚመጣውን ስታነቡ እንዳትፈርዱባቸው ነው። እኔ የትምህርት ቤቱ ተማሪ አልነበርኩም። ጅማ ውስጥ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ፣ ኢሜይሉ አልከፈት ላለው ሰው እከፍታለሁ። ወደ ጉዳዩ የገባሁት ከተቃጠለ በኋላ ነው። ለመጻፍ ጋሼንም ባለቤቷንም አስፈቅጃለሁ፤ ባለቤቷ ማለቴ የጉዳዩ ባለቤት፣ እሷ ውጭ አገር የምትሠራ ነርስ ናት። «ስሜን ካልጻፍክ ጻፈው» አለችኝ። እሷን «እህታችን» እንበላት።

እህታችን ገንዘቡን ስትልክ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው። ስሜ አይጠራ። ምክንያቷን ለጋሼ አልነገረችም፣ ጋሼም አልጠየቁም። ደግሞ ምን ይጠየቃል? ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቀው የሚለውን ጅማ ውስጥ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም እኩል ያውቀዋል።

ከዚያ የሪፖርት ጊዜ ደረሰ። ጋሼ ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሠሩ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የተሰጠው ገንዘብ፣ የገባበት ቀን። ንጹሕ ሥራ ነው። በአንደኛው መስመር ላይ በስም ፈንታ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ» ይላል። አጠገቡ ያለው አኃዝ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከዚያ ፋይሉን አያይዘው ገንዘብ ለሰጡት ሁሉ ላኩት፣ ከመቶ በላይ የሚሆነውን አድራሻ ሁሉም ተቀባይ የሁሉንም አድራሻ በሚያይበት «ቱ» (To) በሚለው ቦታ ላይ አንድ በአንድ ደርድረው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና።

ኢሜይሉ የተላከው ለሰጡት ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ላይ የሰጡት ሁሉ ስም አለ፣ ከአንድ ሰው በቀር። «ቱ» የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የሰጡት ሁሉ አድራሻ አለ፣ ያንን አንድ ሰው ጨምሮ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስሙን ከአድራሻው ጋር እያዛመደ የሚሰርዝ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ አድራሻ ይቀረዋል። ሌላ ጥበብ አያስፈልገውም። ለስንት ትውልድ መቀነስ ያስተማሩት ጋሼ የተሸነፉት በመቀነስ ነው። ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ግንባራቸውን ያዙ።

የቀረው አድራሻም ብዙ የሚናገር ነበር። እኛ አገር ኢሜይል ስንከፍት የራሳችንን ስም፣ የአባታችንን ስም፣ ከዚያ የተወለድንበትን ዓመት እንደረድራለን። የእህታችንም እንደዚያው ነው። በፈረንጅ አገር እንዲህ ያለ አድራሻ ብዙም ላይነግር ይችላል፤ ስሙ ከሌላው ሺህ ሰው ስም ጋር ይመሳሰላል። ጅማ ላይ ግን ስምና የአባት ስም ከሰማህ ቀጣዩ ጥያቄ «የነማን ቤት? የቆጪ ሰፈሮቹ ናቸው ወይስ የሄርማታዎቹ?» ነው። አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ መልሱ ይገኛል። አባት ማን እንደነበር፣ እናት የት እንደምትኖር፣ ማን ውጭ እንዳለ። በዚህ ላይ የልደት ዓመት ተጨምሮበት! መታወቂያ ማለት ነው።

እና ማን አወጣት? ጠላት ይመስላችኋል። አይደለም። ዱባይ ያለ የክፍሏ ልጅ ነው፣ በጣም ደግ ሰው። ሠንጠረዡን አየ፣ አድራሻዎቹን አየ፣ ገባው፣ ልቡ ተነካ። ከዚያ «ሪፕላይ ኦል» (ለሁሉም መልስ) ተጫነና ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ «አላህ ይቀበልሽ እህቴ፣ ስምሽን ብትደብቂም ሥራሽ አወጣሽ» ብሎ ጻፈ። ቀጣዩ ሰው «አሜን» አለ። የሚቀጥለውም «አሜን»፤ ሌላው «እግዚአብሔር ያክብርልን፣ የጅማ ልጅ እንዲህ ነው!» አለ። ሁሉም ለሁሉም። የአንዱ አሜን ለመቶ ሰው እየሄደ ቀኑን ሙሉ የሁሉም ስልክ ሲጮህ ዋለ። እህታችን የሌሊት ተረኛ ነበረች። ጠዋት ስልኳን ስትከፍት ስሟ በሰፊው ተመርቆ ጠበቃት።

ብዙ ሰው «ምን አለበት ታዲያ? ተመረቀች እንጂ አልተሰደበች» ይላል። እኔም ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መልሱን ከእናቷ ቤት ታገኙታላችሁ።

እናቷ እዚህ ጅማ ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በራቸው መንኳኳት ጀመረ። አንዷ የልጇን የሕክምና ወረቀት ይዛ መጣች፤ እውነተኛ ወረቀት ነው፣ የሚያሳዝን ነገር ነው። ሌላው ለመስጊዱ አጥር መጣ። አንድ የሩቅ ዘመድ ለሠርግ። እናት ለሁሉም ቡና እያፈሉ «ልጄ የሰጠችውን እኔ አላውቅም» ይላሉ፣ ማን ይመናቸው! ከሁሉ የከፋው ግን ከውስጥ የመጣው ነው። ታናሽ ወንድሟ ባጃጅ ለመግዛት ገንዘብ ለምኗት «አሁን የለኝም» ብላው ነበር። የሰጠችውን አኃዝ ከሰፈር ልጅ አፍ ሲሰማ ምን እንደተሰማው ገምቱት። ለወራት አላናገራትም። እሷ ያንን ገንዘብ ያጠራቀመችው ለዚሁ ነገር ብላ ነበር፣ ለሟች አባቷ መታሰቢያ፤ አባቷ ልጅ ሆና ከዚያ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋሱ ያነቡላት ነበር። ለወንድሟ ይህንን ማስረዳት ነበረባት። ስሟን የደበቀችው ደግሞ ይህንን ላለማስረዳት ነበር። እናት አንድ ቀን «ሰደቃ ወሬ ከሆነ ሰደቃነቱ ቀረ» ብለውኛል።

እንዲህ ያለው ነገር የጅማ ብቻ አይደለም። ትልልቆቹም ወድቀውበታል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2015 ለንደን ውስጥ ሃምሳ ስድስት ዲን ስትሪት የሚባል ክሊኒክ የኤችአይቪ አገልግሎቱን ለሚጠቀሙ ሰዎች ዜና ሲልክ አድራሻዎቹን እንደ ጋሼ «ቱ» ላይ ደረደረ። 781 ሰው ነበር። ከነዚያ 730ው አድራሻቸው ሙሉ ስማቸውን ይዟል። ክሊኒኩን የሚመራው ተቋም 180,000 ፓውንድ ተቀጣ። በ2021 ደግሞ የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ታሊባን ካቡልን ከያዘ በኋላ ለመውጣት ለሚጠባበቁ፣ ከእንግሊዞች ጋር ይሠሩ ለነበሩ አፍጋኖች በአንድ ጊዜ ኢሜይል ላከ። 245 አድራሻ ለሁሉም ታየ። 55ቱ ላይ የፊት ፎቶ ነበር። ሁለት ሰዎች «ሪፕላይ ኦል» ተጫኑ፤ አንዱ ያለበትን ቦታ ጻፈ። የተደበቀ ሰው፣ ያለበትን ቦታ፣ ለ245 ሰው! ቅጣቱ 350,000 ፓውንድ ነበር። በሁለቱም ላይ ሰርጎ የገባ ሃከር የለም። አድራሻዎቹን በተሳሳተ ቦታ የጻፈ ሠራተኛ ነው።

ወደ ጅማ ልመለስ።

ጋሼ ሲደውሉልኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የላክሁትን መመለስ ይቻላል?» ነበር። አይቻልም። ጂሜይል ላይ የተላከን የሚመልሰው «አንዱ» (Undo) የሚለው ቁልፍ ቢበዛ ለ30 ሰከንድ ነው የሚሠራው፣ እሱም አስቀድሞ ሴቲንግ ውስጥ ከተስተካከለ። ከዚያ በኋላ መልእክቱ የተቀባዩ ነው። ጋሼ ሁለተኛ ኢሜይል ጽፈው «እባካችሁ ያለፈውን አጥፉ» ለማለት ፈልገው ነበር። ከለከልኳቸው። «አትዩ» የተባለውን የማያይ ሰው አለ እንዴ? ያላስተዋሉት ሁሉ ተመልሰው ሊከፍቱት ነው። በምትኩ አንድ በአንድ ደወሉ፣ ለሚቀርቧቸው። ለሁሉም መድረስ ግን አልቻሉም።

ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛው መዘዝ መጣ። ከተቀባዮቹ የአንዱ ኢሜይል ተጠልፎ ነበር። የማን እንደሆነ በኋላ ታወቀ፤ አሠራሩ ደግሞ የተለመደ ነው። ኢሜይሉን የከፈተለት ዲቪ ያስሞላው የኢንተርኔት ቤት ልጅ ነው፤ ፓስወርዱን ደብተር ላይ ጽፎ አስቀምጦታል፣ መጠባበቂያ ስልኩም የልጁ ነው። እንዲህ ያለ ኢሜይል ያለው ሰው ጅማ ውስጥ ቁጥር ስፍር የለውም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከሆኑ እንዲያውም አብዛኞቹ። ብቻ የገባው ሰው ያንን ዝርዝር አገኘ። በጋሼ ስም ለሁሉም ተጻፈ። «ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ስልኬ አይሠራም፣ በዚህ አካውንት ትንሽ ገንዘብ ብትልኩልኝ» ይላል። ላኪው ላይ የተጻፈው ስም የጋሼ ነው። አድራሻው ግን ሌላ ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ስሙ ብቻ ነው፣ አድራሻውን ለማየት ስሙን መንካት ያስፈልጋል፣ ማን ይነካል? ሚኒሶታ ያለ አንድ ሰው ገንዘቡን ሊልክ ጥቂት ሲቀረው «ጋሼ እኮ ሰውን በሙሉ ስሙ ነው የሚጠሩት፣ ‹ውድ ወዳጄ› ብለው አያውቁም» ብሎ ጠረጠረና ጅማ ደወለ። ጋሼ ቁርስ ላይ ነበሩ። ደህና ናቸው።

ሦስተኛው ደግሞ የተለየ ነው፣ እኔንም በጣም ያከራከረኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ከአዲስ አድራሻ ለሁሉም ኢሜይል መጣ። አድራሻው ስም የለውም፣ ፊደልና ቁጥር ነው። ሰላምታ የለው፣ ምርቃት የለው። «ጣራው ላይ የዋለው ቆርቆሮ የተመዘገበበት ዋጋ ጅማ መርካቶ ካለው ዋጋ ይበልጣል። ለምን? የመጓጓዣ ተብሎ የተጻፈውስ ደረሰኙ የት አለ?» ይላል። አንድ ገጽ የዎርድ ፋይል ተያይዟል፣ የሦስት ሱቅ ዋጋ የተጻፈበት።

እሳት ተነሳ። «ወንድ ከሆነ ስሙን ይጻፍ!» «ፊቱን ሸፍኖ ሰው የሚሰድብ ፈሪ ነው!» እነዚሁ ሰዎች ናቸው ከወር በፊት ስሟን የሸፈነችውን እህታችንን ሲመርቁ የነበሩት። ስም መደበቅ ለሰጪ ቅድስና፣ ለጠያቂ ፈሪነት ሆነ። ሰውየው ደግሞ ልብ ብላችሁ ብታነቡት ማንንም አልሰደበም። ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቀው።

ከዚያ አደኑ ተጀመረ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ኮምፒዩተር ትንሽ ያውቃል፣ ትንሽ ማወቅ ደግሞ ከአለማወቅ ይብሳል። የዎርድ ፋይሉን ፕሮፐርቲስ (ስለ ፋይሉ የተመዘገበውን መረጃ) ከፈተና የጸሐፊውን ስም አገኘሁ አለ። እውነትም አንድ ስም አለ። ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ስም ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ዎርድ ሲጫን የተሞላው ስም እዚያ በሚጻፍ ፋይል ሁሉ ላይ ይገባል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሁን፣ የሥራ ማመልከቻ ይሁን፣ የዕድር ማስታወቂያ ይሁን። ሄደው የሱቁን ልጅ «ይህንን ማን አስጻፈ?» አሉት። ልጁ ሳቀባቸው፤ «በቀን የሚያስጽፈው ሰው እዚህ ወረፋ ነው፣ የቱን ላስታውስ?» አላቸው። በዚህ መተው ይገባቸው ነበር። አልተዉም። የትምህርት ቤቱ አንድ ወጣት መምህር ፈተና የሚያስጽፈው እዚያ ሱቅ መሆኑ ታወሰ። በቃ፣ እሱ ሆነ። ጠርተው አፋጠጡት። ማለ፣ ተገዘተ። ከዚያ በኋላ መምህራን ክፍል ሲገባ ወሬ ይቋረጥ ነበር አሉ። ማስረጃው አንድ የኮፒ ቤት ነው እንግዲህ።

እኔን የጠሩኝ እዚህ ላይ ነው። «አይፒውን አውጣልን» አሉኝ፤ ኢንተርኔት የገባበትን የመስመር ቁጥር ማለታቸው ነው። ሁለት ነገር ነገርኳቸው። አንደኛ፣ አይወጣም። ከጂሜይል በራሱ አፕ ወይም በብራውዘር የተላከ መልእክት ላይ የላኪው አይፒ አይጻፍም፤ የምታዩት የጎግልን ሰርቨር ነው። ቢወጣም በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው አንድን አይፒ ከብዙ ሰው ጋር ስለሚጋራ «ይኸው እሱ ነው» አያሰኝም። ሁለተኛ፣ ቢወጣም አላወጣም። አንዱ ታዲያ «ኔትወርክ አካባቢ የሚሠራ ዘመድ አለኝ፣ በውስጥ ያይልናል» አለ። እንዲህ በቀላሉ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ሰው በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። ዘመዱን እስር ቤት ሊከተው ነው፣ ለቆርቆሮ ጥያቄ።

በነገራችን ላይ ስም ሸፍኖ ኢሜይል የመላክ ነገር ከተጀመረ ቆይቷል። በ1993 (አሁንም በፈረንጅ) ዮሃን ሄልሲንጊየስ የሚባል ፊንላንዳዊ ለዚሁ ሥራ አንድ ሰርቨር ከፈተ። መልእክትህን ለሱ ትልካለህ፣ እሱ ስምህንና አድራሻህን አውጥቶ በቁጥር ተክቶ ያስተላልፍልሃል። ብዙ ሰው ተጠቀመበት። ችግሩ ማን የትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር በአንድ ቦታ፣ በሱ ኮምፒዩተር ውስጥ መኖሩ ነው። በ1995 ሳይንቶሎጂ የሚባል የሃይማኖት ድርጅት ባቀረበው አቤቱታ ፖሊስ መጣ፣ የአንድ ተጠቃሚ ማንነት ተሰጠ። በ1996 ሰውየው ራሱ ዘጋው። ይህን ለጋሼ የነገርኳቸው ላፕቶፓቸው ውስጥ ያለው ኤክሴልም ያው መሆኑን ለማሳየት ነው። የሁሉም ስም፣ አድራሻና የሰጡት ገንዘብ በአንድ ፋይል፣ ፓስወርድ በሌለው ላፕቶፕ፣ ፈረንጅ አራዳ ባለው የልጃቸው ሱቅ ጠረጴዛ ላይ።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። ክርክሩ ሲበዛ እኔ ያልኩት ይህንን ነው። ሰውየው የሚናገረው በወረቀት የሚረጋገጥ ነገር ነው ወይስ በራሱ ምስክርነት ብቻ የቆመ? «እገሌ ሲሰርቅ አይቻለሁ» ቢል ኖሮ ስሙን መጠየቅ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ማስረጃው እሱ ራሱ ነው፤ ስሙን የማይሰጥ ምስክር ሰው ሊያስከስስ አይገባም። «ደረሰኙ የት አለ?» ላለ ሰው ግን ስሙ ምን ይጨምራል? ደረሰኙ ወይ አለ ወይ የለም። ጋሼ ይህንን ወዲያው ተቀበሉ። የሒሳብ ሰው ናቸው አልኳችሁ፤ «ጥያቄው ትክክል ከሆነ የጠየቀው የኋላ ወንበር ተማሪ ቢሆንስ?» አሉ።

ደረሰኞቹን ስካን አድርገው ላኩ። የቆርቆሮው ነገር ተፈታ። ሰውየው ዋጋ የጠየቀው ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ነበር፣ የተገዛው ባለ 28 ነው። ጌጁ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ለጅማ ዝናብና ለሚመጡት ዓመታት ተብሎ የተመረጠ ነው። የመጓጓዣው ግን እውነትም ደረሰኝ አልነበረውም። ገንዘብ ያዡ ለአይሱዙው ሾፌር በእጁ ከፍሎ በራሱ እጅ ነው የጻፈው። ሌብነት አይደለም፤ ግን ደረሰኝ የለውም። ስም የለሹ ሰው በማግስቱ በአጭሩ መለሰ። «ስለ ቆርቆሮው አመሰግናለሁ። የመጓጓዣው አልተመለሰም።» ተናደዱ፣ እኔ ግን ወደድኩት። ሾፌሩ ተፈልጎ ወረቀት ላይ ፈረመ፣ ተላከ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ጽፎ አያውቅም። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ቢታወቅም የሚለወጥ ነገር የለም። ወጣቱን መምህር ግን ይቅርታ የጠየቀው ከአፋጣጮቹ አንዱ ብቻ ነው። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

አሁን ምን እየተደረገ ነው? ጋሼ ሲልኩ «ቱ» ላይ የራሳቸውን አድራሻ ብቻ ይጽፋሉ፣ ሌላው ሁሉ ተቀባዮች በማይተያዩበት «ቢሲሲ» (Bcc) ላይ ነው። ቢሲሲ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በፈረንጅ 1982 በወጣው የኢሜይል ደንብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጥቅሙ ሁለት ነው። አድራሻው አይታይም፣ ደግሞም «ሪፕላይ ኦል» የተጫነ ሰው መልሱ ለጋሼ ብቻ ነው የሚደርሰው። አሜኖቹ ሁሉ አሁን እሳቸው ጋ ብቻ ይመጣሉ፤ አይማረሩም። ግን ቢሲሲን እንደ መድኃኒት አልሰበክሁላቸውም። አንድ ቀን ቸኩሎ ሁሉም በሚያየው «ሲሲ» (Cc) ላይ የለጠፈ ሰው ያው ነው። ለዚህ ነው የገንዘብ መጠን ያለበት ሠንጠረዥ ለሁሉም መላክ የቀረው፤ ለሁሉም ድምሩ ብቻ ይላካል፣ የራሱን ማወቅ የፈለገ ለብቻው ይጠይቃል። ሠንጠረዡ ለሁሉም ካልተላከ የሚቀነስ ነገር የለም። የላፕቶፑ ፋይልም ፓስወርድ ገብቶለታል። ፓስወርዱን ግን ጋሼ ወረቀት ላይ ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውታል፤ ከዚህ በላይ አልተጨቃጨቅሁም።

ሌላም ነገር ተጨምሯል። የሰውን አድራሻ ለሌላ ከመስጠት በፊት መጠየቅ። ቀላል ይመስላል፣ ግን «የእገሊትን ኢሜይል ላክልኝ» ሲባል ላጥ አድርጎ መላክ ልማዳችን ነው። አሁን ጋሼ «የአንተን ለሷ እልካለሁ፣ ከፈለገች ትጽፍልሃለች» ይላሉ። አንድ ነጋዴ ወዳጃቸው በዚህ ተቀይሟል። ዝርዝሩን ለቡና ሱቁ ማስታወቂያ ፈልጎት ነበር።

እህታችን አዲስ አድራሻ ከፍታለች። የአባቷ ስምም የልደት ዓመቷም የለበትም። የምታውቁት ሰው አድራሻውን ሲለውጥ «ምን ልትደብቂ ነው?» አትበሉ፤ እሷ ይህንን ከስንት ሰው ሰምታለች። ከወንድሟ ጋር ታርቀዋል፣ እናት ናቸው ያስታረቁት። ባጃጁን አልገዛችለትም።

ጣራው አልቋል። የቀረው የሰሌዳው ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ በበሩ ላይ የሰጪዎችን ስም የያዘ ሰሌዳ ልስቀል ብሏል። ጋሼ «የቀድሞ ተማሪዎች» የሚለው ብቻ ይበቃል ይላሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ስማችን ይውጣ፣ ልጆቻችን ይዩት ይላሉ፤ መብታቸው ነው። ግን የሌላው ሁሉ ስም ወጥቶ የአንዷ ብቻ ሲቀር ያው የመቀነሱ ሒሳብ ተመልሶ ይመጣል። ጋሼ ስማቸው እንዳይወጣ የሚፈልጉ ሌሎች ሰዎችን እያፈላለጉ ነው፣ እህታችን ብቻዋን እንዳትቀር። እስካሁን አራት አግኝተዋል፤ አንደኛው ዱባይ ያለው መራቂ ነው።